ጎታ ላይ የምንጠይቀው ሰው

ሃይደልበርግ፣ አሮጌው ድልድይ ላይ ነበርን። ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይ አለች፤ ወንዙ ያብለጨልጫል። የፈረሰው ቤተ መንግሥት ከበላያችን ኮረብታው ላይ ቀይ ሆኖ ይታያል። ጋሼን ፎቶ ላነሣቸው ስልኬን አወጣሁ። እሳቸው ወደኔ አላዩም። የድልድዩን ግንብ ተደግፈው ጉልበታቸውን እያሹ፣ «ልጄ፣ እዚህ የምንጠይቀው ሰው የለም እንዴ?» አሉኝ።

አልገባኝም። መንገድ የጠፋን መስሏቸው ነው ብዬ፣ «ጋሼ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ፤ አያስቡ» አልኳቸው።

«መንገድ መች አልኩ? የምንጠይቀው ሰው ነው ያልኩት። ዘመድ፣ ወዳጅ፣ የታመመ፣ ያዘነ።»

ማንም አልነበረንም። ይህንኑ ነገርኳቸውና ወደ ባቡር ጣቢያው ሄድን። ነገሩ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከውስጤ አልወጣም።

ሦስት ቀን፣ ሦስት ከተማ

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ደሴ ከሠላሳ ዓመት በላይ አማርኛ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። ከአገር ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። ፍራንክፈርት እኔ ጋ ሲመጡ ከሥራ አምስት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። ሆስፒታል ነው የምሠራው፤ አምስት ቀን በተከታታይ ማግኘት ቀላል አይደለም። አንዷም ሰዓት እንዳትባክን ብዬ ፕሮግራም አወጣሁ። ሰኞ ኮሎኝ፣ ማክሰኞ ቩርዝቡርግ፣ ረቡዕ ሃይደልበርግ። ሐሙስና ዓርብ ደግሞ ሌላ ሁለት ከተማ። በፈጣን ባቡር ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል።

ኮሎኝ ካቴድራሉ ሥር ቆመን፣ ሥራው በ1248 ተጀምሮ በ1880 እንዳለቀ ነገርኳቸው። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) በጣታቸው ቆጥረው «632 ዓመት» አሉና ዝም አሉ። ወደ ማማው የሚያወጣው ደረጃ 533 ነው። እሱን ለጉልበታቸው ብዬ ተውኩት።

ቩርዝቡርግ የጳጳሳቱ ቤተ መንግሥት ገባን። ከትልቁ ደረጃ በላይ ያለውን ጣሪያ ጣሊያናዊው ቲየፖሎ በ1752 እና በ1753 ነው የሣለው። አራት አህጉራት በአራት ሴቶች ተመስለው ይታያሉ። አፍሪካ ግመል ላይ ተቀምጣለች። ጋሼ አንገታቸውን ቀና አድርገው ብዙ አዩአት። «ስሟ ማነው?» አሉኝ። «ስም የላትም፤ አፍሪካ ናት» አልኳቸው። «ስም የሌላትን ሰው እንዴት ብዬ ላስታውሳት?» አሉ። እኔ ግን የሚቀጥለው ባቡር ሰዓት እየደረሰብኝ ስለነበር ብዙም አልሰማኋቸውም።

ሃይደልበርግ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ 220,000 ሊትር ገደማ ወይን የሚይዝ በርሜል አለ። አየነው። ወረድን። ድልድዩ ላይ ደረስን። ከዚያ ያቺ ጥያቄ መጣች።

ማታ ቤት ስንገባ የቀኑን ፎቶዎች አሳየኋቸው። የኮሎኙን ከቩርዝቡርጉ፣ የቩርዝቡርጉን ከሃይደልበርጉ ቀላቀሉት። እሳቸው ማለት ከሠላሳ ዓመት በፊት ያስተማሩትን ተማሪ ከነአባቱ ስም የሚያስታውሱ ሰው ናቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እውነት ነው። ችግሩ የሳቸው ማስታወስ አልነበረም፤ ያሮጥኳቸው እኔ ነኝ።

አልጋዬ ላይ ሆኜ ስለ ቃሉ አሰብኩ። በኛ ቋንቋ «ጠየቀ» ሁለት ነገር ነው። ያላወቁትን ማወቅ ሲፈልጉ ይጠይቃሉ። የሚወዱትን ሰው ለማየት ሲሄዱም ይጠይቃሉ። ጋሼ በልጅነታቸው ከአያቴ ጋር ዘመድ ለመጠየቅ ከደሴ ወዲያ ሁለት ቀን በእግር ይሄዱ ነበር። ስኳርና ቡና በቁራጭ ጨርቅ ተቋጥሮ በሳቸው ጀርባ ላይ ነው። የዚያን መንገድ ዛፍ፣ ወንዝና ውሻ ሳይቀር ዛሬም ይናገሩታል። መንገዱን የያዙት በሌላ ነገር አይደለም። መጨረሻው ላይ በር ከፍቶ የሚቀበላቸው ሰው ስለነበረ ነው።

የቅርብ ጠበል

ሌሊቱን ሳስብ አድሬ ጠዋት ሻይ ሳቀርብላቸው፣ እሳቸው ቀድመው ጀመሩ። «ጎታ የሚባል ከተማ ከዚህ ሩቅ ነው?»

ደነገጥኩ። ጎታን የማውቃት በባቡር መስኮት ነው። ላይፕዚግ ጓደኛ አለችኝ፤ ወደ እሷ ስሄድ ስንት ጊዜ አልፌባታለሁ። የጣቢያውን ስም አነባለሁ፣ ባቡሩ ይቆማል፣ ይሄዳል። አንድም ቀን ወርጄ አላውቅም።

«ጎታ ምን አለ ጋሼ?»

«አባ ጎርጎርዮስ ነበሩበት። የመካነ ሥላሴው። የአገሬ ሰው ናቸው።»

የመነኩሴውን የአባ ጎርጎርዮስን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት አላስረዝመውም። ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ በ1649 ሮም ላይ አገኛቸው። ግዕዝን ከመጽሐፍ ተምሮታል እንጂ በጆሮው ሰምቶት አያውቅም ነበር። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት ወደ ቤተ መንግሥቱ አስጠራቸው። ከሰኔ እስከ መስከረም እዚያ ቆዩ። እኛ ጋ ክረምት ነው፤ እዚህ ደግሞ ዓመቱ በሙሉ የሚጠበቀው ሞቃት ወቅት። ሉዶልፍ ከሳቸው የተማረውን ይዞ ዕድሜውን ሙሉ ሠራ። በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ አሳተመ። በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት አወጣ። የአማርኛ ሰዋስው ታትሞ ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነው።

ሁለቱም መጻሕፍት የታተሙት ፍራንክፈርት ነው። ሉዶልፍም በ1704 የሞተው እዚሁ ፍራንክፈርት ነው። እኔ በየቀኑ በትራም ሥራ የምሄድባት ከተማ ማለት ነው። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይላሉ አባቶች። አሥራ አንድ ዓመት የኖርኩባት ከተማ የቋንቋዬ የመጀመሪያ ሰዋስው የታተመባት መሆኗን የሰማሁት ከደሴ ከመጡ እንግዳ ነው።

ፕሮግራሙን ሰረዝኩት። የሐሙስና የዓርቡን ሁለት ከተማ ትቼ ጎታና ኤርፉርት አልኩ። ኤርፉርት ሉዶልፍ በ1624 የተወለደባት ናት፤ ከጎታ በባቡር ሩብ ሰዓት ወይም ሃያ ደቂቃ ብትሆን ነው። አንድ ሌሊት እናድራለን፣ አንሮጥም። ለአጭር ጉዞ የክልል ባቡር ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ከፍራንክፈርት በሱ ከሄዱ ፉልዳ መቀየር፣ ቤብራ መቀየር፣ አይዘናህ መቀየር አለ። ጉልበት ለሚያመው ሰው ያ ሁሉ ደረጃ አይሆንም። ጎታ የሚቆመውን ፈጣን ባቡር ያዝን፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው።

ጋሼ ከመነሣታችን በፊት ሱፋቸውን ለበሱ። ኮሎኝ የሄዱት በሹራብ ነበር።

በሩ ላይ

ከጎታ ጣቢያ ወደ ቤተ መንግሥቱ መናፈሻውን አቋርጠን በቀስታ ወጣን። ሁለት ጊዜ አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍን። ፍሪደንሽታይን ይባላል፤ «የሰላም ድንጋይ» እንደማለት ነው። ነጭ ነው፣ ግዙፍ ነው። ጫፍና ጫፉ ላይ ሁለት ማማዎች አሉ፤ አይመሳሰሉም። ኮሎኝ ካለው ካቴድራል ወይም ቩርዝቡርግ ካየነው ጌጥ ጋር ሲነጻጸር ቁጥብ ነው። መስኮት በመስኮት ላይ ተደርድሮ፣ ትልቅ ትምህርት ቤት ይመስላል።

ግንባታው የተጀመረው በ1643 ነው። የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ገና አላለቀም፤ እስከ 1648 ቀጥሏል። አገሩ በጦርና በረሃብ እያለቀ ነው መሠረቱ የተጣለው። አባ ጎርጎርዮስ ሲመጡ ሥራው አላለቀም ነበር። እሳቸውም የመጡት ከሃይማኖት ጦርነት ነው። ሁለቱ አገሮች በአንድ ዘመን ተቃጥለዋል።

በሩ አናት ላይ በድንጋይ የተቀረጸ ምስል አለ። ሰላምና ፍትሕ ተቃቅፈው ይሳሳማሉ። ከምስሉ ጋር በድሮ ጀርመንኛ አንድ መስመር ተጽፏል። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀና ብለው ያያሉ። «ምን ይላል?» አሉኝ።

አነበብኩት። አራት ቃል ነው። ልተረጉመው ስል ቆም አልኩ። በጀርመንኛ ሁለቱ ግሦች ቤት ይመታሉ። አንደኛው መመገብ ነው፤ ሁለተኛው በልቶ መጨረስ። በአማርኛ ሳስበው ራሱ መጣልኝ፤

«ሰላም ታበላለች፣ ጠብ ትበላለች።»

ጋሼ አልመለሱልኝም። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቀስ ብለው «ጽድቅ ወሰላም ተሰዓማ» አሉ። የዳዊት መዝሙር ነው። ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው እሱው ነው፤ ጽድቅና ሰላም ተሳሳሙ። አባ ጎርጎርዮስና ሉዶልፍ በሚነጋገሩበት በግዕዝ፣ በዚያው በር ሥር ነው የተናገሩት።

ከዚያ ትንሽ ቆይተው፣ «መጻሕፍቴን በላቻቸው» አሉኝ።

«ማን?»

«ጠብ ናታ።»

ጦርነቱ ደሴ የደረሰው በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ነው። ያን ጊዜ ጋሼ ከሰፈር ሰው ጋር ወጥተው አዲስ አበባ እናቴ ቤት እንደቆዩ አውቃለሁ። በሰላም ገቡ ተባለ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልን፣ ስልኩ ተዘጋ። ሲመለሱ ቤታቸው ተሰብሮ እንደነበርም ሰምቻለሁ። «ዕቃ ነው፤ ዕቃ ይተካል» አልኳቸው። ሌላ ምንም አልጠየቅኳቸውም።

እዚያ በር ሥር ቆመው ነው የነገሩኝ። መጻሕፍታቸው በሦስት መደርደሪያ ነበሩ። አንዱን መደርደሪያ ራሳቸው ከባህር ዛፍ ነው የሠሩት። ከደመወዛቸው እየቆጠቡ ከመርካቶ፣ ከደሴ ፒያሳ፣ ከሟች መምህራን ቤት የገዟቸው ናቸው። ሲመለሱ መደርደሪያው የለም። ቀዝቃዛ ወር ነው፤ ግቢው ውስጥ ሦስት ጉልቻ ተጎልቶ አመዱ አለ። አመዱን በእንጨት ሲያገላብጡት የመጽሐፍ ጥራዝ ጀርባ አገኙ፤ ክሩ አልተቃጠለም። «ክሩን ይዤው ቆምኩ» አሉኝ። «ማን ይሆን የሞቀው ብዬ አሰብኩ። በርዶት ይሆናል። ልጅ ይሆናል።»

ሦስት ዓመት በላይ አልፎ ነው ይህን የሰማሁት። በየሳምንቱ እንደዋወል ነበር። ኮሎኝ ወሰድኳቸው፣ ቩርዝቡርግ ወሰድኳቸው፣ ስለ ካቴድራሉ ስንት ዓመት፣ ስለ በርሜሉ ስንት ሊትር ነገርኳቸው። እሳቸውን ግን አልጠየቅኳቸውም። ሃይደልበርግ ድልድይ ላይ «የምንጠይቀው ሰው የለም እንዴ» ሲሉኝ አጠገቤ ቆመው ነበር።

ስሙን የጻፉላት ሴትዮ

ውስጥ ገባን። የመስፍኑን ክፍሎች አየን። የ17ኛው ክፍለ ዘመን የመድረክ መሣሪያ እስከ ዛሬ ያለበት ትንሽ ቲያትር ቤት አለ፤ ደስ ይላል፣ ግን ጋሼ ልባቸው እዚያ አልነበረም። በየክፍሉ መስኮት ሲያገኙ ቆመው ወደ ውጪ ያያሉ። «አባ ይቺን ዛፍ አይተዋት ይሆን?» ይሉኛል። እንዲህ ያለ ዛፍ 370 ዓመት እንደማይቆይ ሁለታችንም እናውቃለን። ግን ጥሩ ጥያቄ ነበር።

አንድ ክፍል ውስጥ ጠባቂዋ ቀረበችን። ስድሳ ዓመት ገደማ ይሆናታል። ሱፋቸውን አይታ ነው መሰለኝ፣ ከየት እንደመጣን በትሕትና ጠየቀች። ነገርኳት። በ1652 ከአገራችን የመጡ መነኩሴ እዚህ ቤት እንደነበሩና እሳቸውን ልንጠይቅ እንደመጣን አስረዳኋት። «ልንጠይቅ» የሚለውን በጀርመንኛ እንዴት እንደምለው ተቸግሬ፣ «እንደ ዘመድ ልናያቸው» አልኳት።

ጋሼ ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። የመግቢያ ትኬታቸው ጀርባ ላይ፣ በዚያ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፉበት በኖሩት ደርዝ ባለው ፊደል «አባ ጎርጎርዮስ» ብለው ጻፉላት። ሴትዮዋ ወረቀቱን በሁለት እጇ ያዘችው። በጣቷ የመጀመሪያውን ፊደል ነክታ «ይህ እንዴት ይነበባል?» አለች።

«አ» አሉ ጋሼ።

«አ» አለች።

አሥር ደቂቃ ያህል ፈጀ። ጎር ላይ ስትደርስ ሳቀች፤ ድምፁ ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ ነው። ጋሼ ግን አልሳቁም። ተማሪ ፊት እንደቆሙ ሆነው፣ ጎላ አድርገው፣ በትዕግሥት ደገሙላት። እሷም እስኪስተካከል ደገመች። መጻሕፍታቸው ከተቃጠሉ ወዲህ ሲያስተምሩ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ዝም አልኩ። ፎቶ ማንሣት እንኳ ትዝ አላለኝም።

ኤርፉርት፣ ሳይሮጡ

ማታ ኤርፉርት ገባን። ኤርፉርት ያማረች ናት። አሮጌው ከተማዋ ከጦርነቱ ብዙም ሳይጎዳ ተርፏል። ፍራንክፈርት ለምንኖር ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የኛው ከተማ መሐል በ1944 በቦምብ ወድሞ፣ ዛሬ ቱሪስት የሚያየው አሮጌ ሰፈር ከፊሉ በ2018 ነው ተሠርቶ ያለቀው።

ክሬመርብሩከ የሚባለው የነጋዴዎች ድልድይ ላይ ሄድን። የድንጋዩ ድልድይ በ1325 ነው የተሠራው። በላዩ ላይ 32 ቤቶች ግራና ቀኝ ተጋፍተው ስለቆሙ ወንዙ አይታይም። ጋሼ እስከ መጨረሻው ተሻግረው «ድልድዩስ የታለ?» አሉኝ። ወደ ታች ወርደን ከጎን ሳሳያቸው ገረማቸው። ሰው ቤቱ ውስጥ መብራት አብርቶ እራት እያቀረበ ነው። ከሥሩ ውኃው ይሄዳል። ቀን የሚመጡ ጎብኚዎች በዚያ ሰዓት ወደ ባቡራቸው ስለሚመለሱ መንገዱ ጭር ብሏል። አንድ ሌሊት ማደር የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ገንዘብ ያወጣል፤ ግን ሁለት ከተማ ከሚጨምሩ አንዷ ውስጥ ቢያድሩ ይሻላል እላለሁ።

በማግሥቱ ካቴድራሉ ጋ 70 ደረጃ አለ። ግማሹ ላይ ተቀመጥን፤ ሌላውን ግማሽ አልወጣንም። ግሎሪዮዛ የምትባለው ደወል፣ በ1497 የተሠራችው፣ ከበላያችን ነበረች። አልተደወለችም። እኛም አልቸኮልንም። ከዚያ አሮጌውን ምኩራብ አየን፤ ጥንታዊው ክፍሉ 11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የተሠራ ነው። በ1349 የከተማዋ አይሁድ ተጨፍጭፈው ቤቱ መጋዘን ሆነ። ጠብ ትበላለች አሉ ጋሼ፤ እዚያ ሌላ ቃል አልተነጋገርንም።

ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ የአባ ጎርጎርዮስን መጨረሻ ነገሩኝ። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ እስክንድሮን አጠገብ፣ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ያለው ወደብ፣ መርከባቸው ተሰበረ። ሰጠሙ። መካነ ሥላሴን ሳያዩ ቀሩ። መዝገበ ቃላቱ ሲታተም እሳቸው ካረፉ 40 ዓመት ሆኗቸዋል። «ቃላቸው ግን እዚሁ ፍራንክፈርት ገባ» አሉ ጋሼ። ጎታን ስናልፍ ሁለታችንም ወደ መስኮቱ ዞርን።

ከዚያ ወዲህ

ጋሼ ደሴ ከተመለሱ አምስት ወር ሆነ። የሚቀጥለው ጉዞዬ ቪተንበርግ ነው። በ1534 አባ ሚካኤል የሚባሉ የኛ ዲያቆን እዚያ ድረስ ሄደው ማርቲን ሉተርን አግኝተው ተነጋግረዋል። ሉተርም የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎላቸዋል። ሁሉም ሰው ሄዶ የሚያየው 95ቱ ነጥቦች የተለጠፉበት የሚባለውን በር ነው። እኔ የምሄደው ሚካኤልን ልጠይቅ ነው። ሁለት ቀን፣ አንድ ከተማ።

እሁድ እሁድ ደግሞ ለጋሼ እደውላለሁ። አንድ ደብተር ገዝቻለሁ። መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ ይነግሩኛል፣ እጽፋለሁ። የመጽሐፉን ስም፣ የት እንደገዙት፣ በስንት ብር፣ ምን ዓይነት ሽፋን እንደነበረው። የመጀመሪያውን መደርደሪያ ጨርሰናል። የባህር ዛፉ ላይ ነን፤ ሁለተኛው ረድፍ።

ባለፈው እሁድ 41ኛው ላይ ደረስን። ሽፋኑ አረንጓዴ ነው፣ ጠርዙ በአይጥ ተበልቷል፣ ከአንድ መምህር ባለቤት በ12 ብር ነው የገዙት። ርዕሱ ግን ጠፋባቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከጀርባ የደሴ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ይሰማኛል።

«ቆይ ልጄ» አሉኝ። «ስልኩን አትዝጊው።»